ወርቅ ወርቅን ይስባል፤ ማስረጃውም ርቀት ብቻ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ወርቅ ውሁዶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። በአንዳንድ የወርቅ ውሁዶች ውስጥ ሁለት የወርቅ አቶሞች በጣም ተጠጋግተው ይገኛሉ። ኬሚስቶች ይህን መጠጋጋት ኦሮፊሊሲቲ ብለው ሰይመው እንደ ትስስር ይቆጥሩታል። ጸሐፊው ግን እንዲህ ያለ ትስስር የለም ባይ ናቸው። አቶሞቹ የተጠጋጉት ክሪስታሉ ውስጥ ቦታ ስለጠበባቸው ነው፤ ሌላው ሁሉ የኮምፒውተር ስሌት የወለደው ታሪክ ነው ይላሉ።

ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፤ ሲያነቡት ያሳምናል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። ኬሚስትሪ የሚማር ልጅ ይህን አምኖ ቢቀመጥ፣ ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆንጆ ግኝቶች አንዱ በአጠገቡ ያልፈዋል። ስለዚህ ነጥቦቻቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

ጸሐፊው የሚጀምሩት ወርቅ ከምንም ጋር የማይዋሃድ ብረት ስለሆነ ስለ ውሁዶቹ ማውራት ብዙም አያስኬድም በሚል ነው። ይህን ቶሎ እንለፈው። ወርቅን አየርና ውሃ አይነኩትም፤ እውነት ነው። ከክሎሪን፣ ከሳያናይድ፣ ከሰልፈርና ከፎስፈረስ ጋር ግን በደንብ ይገጥማል። የማዕድን ኩባንያዎች ወርቅን ከአለት የሚለዩት እኮ በሳያናይድ አሟሙተው ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ኦራኖፊን የተባለ መድኃኒትም የወርቅ ውሁድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1985 ነበር። በነገራችን ላይ ኦራኖፊን በአንድ ሞለኪውል አንድ የወርቅ አቶም ብቻ ነው ያለው፤ አቶሙንም ትልልቅ ቡድኖች ከበውታል። ሁሉም የወርቅ ውሁድ ወርቅን ከወርቅ ያገናኛል ያለ ሰው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክራቸው እንግባ። እንዲህ ይላሉ። በእነዚህ ውሁዶች ውስጥ ያለው ወርቅ ፕላስ 1 ነው፤ አንድ ኤሌክትሮን አጥቷል ማለት ነው። 5ዲ የሚባለው ኦርቢታሉ (የኤሌክትሮኖች መቀመጫ) 10 ኤሌክትሮኖች ይዞ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከእሱ ውጭ ያለው 6ኤስ ኦርቢታል ደግሞ የራሱ ኤሌክትሮን አልቀረለትም። ሁለቱም ወርቆች እንዲህ ከሆኑ የሚጋሩት ኤሌክትሮን ከየት ይመጣል? እንዲያውም ሁለቱም ፕላስ ስለሆኑ መገፋፋት ነው ያለባቸው።

መነሻው ትክክል ነው። ድምዳሜው ነው የተሳሳተው። የአርጎን ጋዝን ተመልከቱ። የአርጎን አቶም የውጭ ምህዋሩ የሞላ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚጋራው ኤሌክትሮን የለውም። ሆኖም ከዜሮ በታች ወደ 186 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል። አቶሞቹ ካልተሳሳቡ ፈሳሽ መሆን ባልቻሉ ነበር። ታዲያ መሳቡ ከየት መጣ? ኤሌክትሮኖች ቆመው የተቀመጡ ነገሮች ስላልሆኑ ነው። በጠባብ በር የሚተላለፉ ሁለት ሰዎች አንዱ ወደ ግራ ሲል ሌላው ወደ ቀኝ እንደሚል፣ የአንዱ አቶም ኤሌክትሮኖች ሲንቀሳቀሱ የሌላው አቶም ኤሌክትሮኖችም እነሱን እያዩ ይንቀሳቀሳሉ። ይህ መተያየት ጉልበት ይቀንሳል፤ አቶሞቹንም ያቀራርባል። ወርቅ ላይ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። 10ሩ የ5ዲ ኤሌክትሮኖች ሰፋ ያለና በቀላሉ የሚለጠጥ ደመና ይሠራሉና።

ይህ ባዶ ወሬ እንዳይመስል ስሌቱ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። ሃርትሪ–ፎክ የሚባል የታወቀ የስሌት ዘዴ አለ። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሚያየው የሌሎቹን አማካይ ብቻ ነው። ሁለት የወርቅ ውሁዶችን በዚህ መንገድ ስታሰሉ ወርቆቹ ይገፋፋሉ። ልክ ጸሐፊው እንዳሉት ማለት ነው። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ፔካ ፒዩኮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያሳዩት ግን ሌላ ነው። ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ መተያየታቸው ስሌቱ ውስጥ ሲገባ መገፋፋቱ ወደ መሳሳብ ይገለበጣል። ስለዚህ የጸሐፊው ሥዕል ኤሌክትሮኖች የማይተያዩበት ዓለም ሥዕል ነው። እንዲህ ያለ ዓለም ውስጥ አርጎንም ፈሳሽ አይሆንም።

ቀጥሎ ክሪስታሉ ቦታ ስላሳጣቸው ነው የተጠጋጉት የሚለው ነጥብ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ በሚያስማማን ልጀምር። ርቀት ብቻውን ትስስርን አያረጋግጥም። በንጹህ የወርቅ ብረት ውስጥ ጎረቤት አቶሞች በ2.88 አንግስትሮም (አንዱ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) ይራራቃሉ። ኦሮፊሊሲቲ በሚባለው ግንኙነት ደግሞ ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ 3 አንግስትሮም አካባቢ ነው። ያለ ትስስር ዝም ብለው የተነካኩ ሁለት ወርቆች ስንት ይራራቃሉ ለሚለው በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር 3.32 ነው። ይህን ቁጥር ከፍ የሚያደርጉ ሰንጠረዦችም አሉ። ስለዚህ አንድ ሰው 3.1 አይቶ «ይኸው ትስስር» ቢል ጸሐፊው መጠራጠራቸው ተገቢ ነው። ችግሩ ማስረጃው እዚያ ያለቀ ማስመሰላቸው ነው።

እስቲ ክሪስታል ያልፈጠረውን እንይ። ናይትሮጅን ላይ አራት ወርቆች ሲታሰሩ፣ እያንዳንዱ ወርቅ ደግሞ በሌላ ጎኑ ትሪፌኒልፎስፊን የሚባል ሊጋንድ (ከብረት አቶም ጋር የሚታሰር ቡድን) ሲይዝ፣ ወርቆቹ የቴትራሄድሮን (ባለ አራት ፊት ቅርጽ) አራት ጫፎች ላይ ይቀመጣሉ። ይህ የሚጠበቀው ቅርጽ ነው። ከአንድ መሐል የወጡ አራት ነገሮች ሲገፋፉ በተቻለ መጠን ይራራቃሉና። አሁን ናይትሮጅንን አውጡና በትልቁ ዘመዱ በአርሰኒክ ተኩት። አርሰኒክ ሰፊ ስለሆነ ወርቆቹ ይበልጥ መራራቅ ይችላሉ። ቦታ አልጠበባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1991 በሙኒክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ የሁበርት ሽሚድባወር ቡድን ያገኘው ግን ተቃራኒውን ነው። አራቱ ወርቆች በአርሰኒኩ አንድ ጎን ተሰብስበው ካሬ ሠሩ። አርሰኒኩ እንደ ፒራሚድ ጫፍ በላያቸው ተቀመጠ።

ቦታ ተርፏቸው ተጠጋጉ ማለት እኮ ነው! የቦታ ጥበት ክርክር እዚህ ውሃ አያነሳም። ናይትሮጅኑ ትንሽ ስለሆነ ወርቆቹ በቴትራሄድሮንም ቢሆን ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ ቅርጹን ማበላሸት አላስፈለጋቸውም። አርሰኒክ ላይ ግን ቴትራሄድሮን ቢሠሩ ይራራቁ ነበር። ስለዚህ የተለመደውን ቅርጽ ጥለው ተሰባሰቡ። ትልልቆቹ ሊጋንዶች ገፍተዋቸው ይሆን ለሚል ሰውም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ትሪፌኒልፎስፊኑን በጣም ትንሽ በሆነው ፎስፊን ተክቶ የተሠራ ስሌትም ለአርሰኒኩ ያንኑ የፒራሚድ ቅርጽ መርጧል።

የካርቦኑ ነገር ደግሞ ይብሳል። ካርቦን አራት ትስስር ይሠራል ብለን ነው ሁላችንም የተማርነው። ይኸው የሙኒክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ ካርቦን በስድስት ወርቆች የተከበበበትን አዮን አወጣ። ስድስቱ ወርቆች ኦክታሄድሮን (ባለ ስምንት ፊት ቅርጽ) ሠርተዋል፤ ካርቦኑ መሐላቸው ነው። ካርቦኑን ከስድስቱም ጋር የሚያስተሳስሩት ስምንት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው። ለስድስት ሙሉ ትስስር 12 ያስፈልግ ነበር። ቀሪውን ጥንካሬ የሚሰጡት በኦክታሄድሮኑ 12 ጠርዞች ላይ ያሉት የወርቅ–ወርቅ ግንኙነቶች ናቸው። ኦሮፊሊሲቲ የሚለው ስም የገባውም በዚያን ጊዜ ነው። ስሙ የተሰጠው አንድ የማይጠበቅ ሞለኪውል እጅ ላይ ስለነበረና ማብራሪያ ስለጠየቀ ነው። ጸሐፊው ግን ኬሚስቶች መጀመሪያ ስም አውጥተው ከዚያ ነገር እንደፈለጉለት አድርገው ነው የጻፉት።

ክሪስታሉን ጨርሶ ብንተወውስ? ሞለኪውሉን ፈሳሽ ውስጥ አሟሙት፤ ከዚያ የሚጫነው የክሪስታል ጎረቤት የለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የሽሚድባወር ቡድን ያደረገው ይህን ነው። ሁለት ወርቅ የያዘና እንደልቡ መጠማዘዝ የሚችል ሞለኪውል ወስደው በኤንኤምአር ተከታተሉት። ኤንኤምአር በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ ነው። ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ወርቆች ሞለኪውሉን አንድ ቅርጽ ላይ ቆልፈው ይይዙታል። ሲሞቅ ይላቀቃሉ፤ ሞለኪውሉም ይሽከረከራል። ለመላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ተለካ፤ ወደ 30 ኪሎ ጁል በሞል ሆነ። ኋላ በሌሎች ሞለኪውሎች ላይ የተደረጉ ተመሳሳይ ልኬቶች ወደ 46 ድረስ አድርሰውታል።

ይህ ቁጥር ምን ያህል ነው? ጠንካራ ከሚባል የሃይድሮጅን ትስስር ጋር ይመጣጠናል። የሃይድሮጅን ትስስር ደግሞ ውሃን ፈሳሽ የሚያደርግ፣ የዲኤንኤን ሁለት ክሮች የሚይዝ ነው። ጸሐፊው የሃይድሮጅን ትስስርን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ያለ ምንም ጥርጣሬ ይጠቅሳሉ። እኩል ጉልበት የተለካለትን የወርቁን ግን «ምናባዊ» ይሉታል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ቢያስቀምጧቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላም አለ። ዳይሳያኖ ኦሬት የሚባለው አዮን አንድ ወርቅና ሁለት ሳያናይድ አለው፤ ጠቅላላ ቻርጁ ማይነስ 1 ነው። ሁለት ማይነሶች ይገፋፋሉ፤ ይህ የማንም ተማሪ እውቀት ነው። ሆኖም ውሃ ውስጥ መጠኑ በርከት ሲል እነዚህ አዮኖች ሁለት፣ ሦስት እየሆኑ ይሰባሰባሉ። ይህ የሚታወቀው በብርሃናቸው ነው፤ የሚውጡትም የሚያወጡትም ብርሃን ይቀየራል፣ ከመጠናቸው ጋር እኩል መጨመሩንም ያቆማል። ውሃ በመሐል ገብቶ ቻርጁን ማለዘቡ እውነት ነው። የተለዘበ መገፋፋት ግን ብቻውን አይሰበስብም። የሚስብ ነገር መኖር አለበት።

ከዚያ ጸሐፊው መንገድ ይቀይሩና፣ ወርቆቹ በእርግጥ ከተያያዙ ያ ተራ የብረት ትስስር ነው፣ የወርቅ ብናኝ ማለት ነው ይላሉ። ይህ ከፊተኛው ክርክራቸው ጋር ራሱ አይገጥምም፤ እሱ ይቅርና ነገሩን እንየው። በብረት ውስጥ እያንዳንዱ ወርቅ 12 ጎረቤት አለው። ኤሌክትሮኖቹ በጠቅላላው ክሪስታል ይንሸራሸራሉ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ያብረቀርቃል። ወርቁ ፕላስ 1 የሆነባቸው ውሁዶች ግን ብዙዎቹ ነጭ ወይም ቀለም አልባ ናቸው፤ የብረት አንጸባራቂነት የላቸውም። እውነተኛ የወርቅ–ወርቅ ኮቫለንት (ኤሌክትሮን በመጋራት የሚፈጠር) ትስስር ያለባቸው ውሁዶችም አሉ፤ እነሱም ሌላ ናቸው። ሁለት ወርቅ የያዘ የቀለበት ውሁድ ላይ ክሎሪን ሲጨመር እያንዳንዱ ወርቅ ፕላስ 2 ይሆናል። በመሐላቸው የነበረው ርቀት ከ3.0 አካባቢ ወደ 2.6 አንግስትሮም ይወርዳል። በጋዝ መልክ ያለው የሁለት ወርቅ ሞለኪውል ደግሞ 2.47 ነው፤ ለመበጠስም ወደ 220 ኪሎ ጁል በሞል ይጠይቃል። እንግዲህ የወርቅ–ወርቅ ግንኙነት አንድ ዓይነት አይደለም። ጸሐፊው ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ጨምረዋቸዋል።

አንስታይንም በጽሑፉ ውስጥ ተጠርተዋል። ጸሐፊው የኦሮፊሊሲቲ ደጋፊዎች ሁሉንም ነገር በሬላቲቪቲ እንደሚያብራሩ ጽፈው፣ ይህ ማብራሪያ ስለማይሠራ ነገሩ ራሱ ወድቋል ብለዋል። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ለረጅም ጊዜ በታዋቂ ጽሑፎች ላይ ሬላቲቪቲ ከሚገባው በላይ ተጋንኗል፤ እኔንም ያናድደኛል።

ሬላቲቪቲ ለወርቅ ትልቅ ነገር ነው። ኒውክለሱ 79 ፕሮቶን አለው። በጣም ቅርብ ያሉት ኤሌክትሮኖች በብርሃን ፍጥነት 58 በመቶ ገደማ ይሄዳሉ። ይህ የ6ኤስ ኦርቢታልን ያኮማትራል፣ 5ዲን ደግሞ ያሰፋል። ወርቅ ቢጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሁለቱ መሐል ያለው ክፍተት ጠብቦ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጠው። በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ከብር በታች ያለው ወርቅ በአቶም መጠን ከብር ያነሰ መሆኑም ከዚህ ይመጣል። ይህን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሳሳይ የወርቅና የብር ውሁዶችን ጎን ለጎን አስቀምጠው በኤክስሬይ አረጋግጠውታል።

ኦሮፊሊሲቲ ላይ ግን የሬላቲቪቲ ድርሻ የተወሰነ ነው። ከስሌቱ ብታወጡት መሳሳቡ በሩብ አካባቢ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ለዚህም ነው ብርም መዳብም የየራሳቸውን ተመሳሳይ መሳሳብ የሚያሳዩት። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2004 ኦግሬዲና ካልትሶያኒስ የተባሉ ተመራማሪዎች የተሻለ ትክክለኛነት ባላቸው ዘዴዎች ሲያሰሉ፣ በሞዴል ሞለኪውሎቻቸው ላይ የወርቁ መሳሳብ ከብሩ ደከም ብሎ ወጣ። ቀደም ያለው ኤምፒ2 የሚባል ዘዴ የወርቁን አጋኖት ነበር። ይህ ለወርቅ አፍቃሪዎች መራራ ነው። ነገር ግን መሳሳቡን አይሰርዝም፤ ማን ይበልጣል የሚለውን ነው የሚያስተካክለው።

ጸሐፊው በጣም የተመኩበት እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ቺ-ሚንግ ቼ ያሉበት ቡድን፣ እንዲህ ባሉ ውሁዶች ውስጥ ብረትና ብረት ራሳቸው እንደሚገፋፉ፣ ሞለኪውሎቹን የሚያቀራርበው ደግሞ በሊጋንዶቹ በኩል ያለው መሳሳብ እንደሆነ ተከራክሯል። ይህ ከባድና የተከበረ ሥራ ነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ሊባል አይገባም። ግን ምን እንደሚል በደንብ ይነበብ። ሞለኪውሎቹ አይሳሳቡም አይልም። ማነው የሚስበው ብሎ ነው የሚጠይቀው። መገፋፋትና መሳሳብን ቆራርጦ ለዚህ አቶም ይህን፣ ለዚያ ያንን ብሎ ማካፈል ደግሞ በመረጡት ዘዴ ይለያያል። የተለካው ጉልበት ግን በማካፈሉ አይለወጥም። ጸሐፊው ከዚህ ክርክር ተነስተው «ውሸት መሆኑ ተረጋገጠ» ማለታቸው ያልተባለውን ማስባል ነው። እኔ በበኩሌ የሊጋንዶቹ ድርሻ ከዚህ በፊት ከምናስበው የበለጠ መሆኑን እቀበላለሁ። የወርቁ ድርሻ ዜሮ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ከላይ ያለው በትንሹ ፎስፊን የተሠራው የአርሰኒክ ስሌት አይፈቅድልኝም።

በመጨረሻ ጸሐፊው፣ ቢኖርም እንኳ ምን ይጠቅማል፣ ማንስ አይቶት ያውቃል ይላሉ። መልሱ ብርሃን ነው። እነዚህ ውሁዶች በአልትራቫዮሌት ሥር ያበራሉ፤ ቀለማቸውም ወርቆቹ በተራራቁ ቁጥር ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 የሪቻርድ አይዘንበርግ ቡድን አንድ ውሁድ አወጣ። የአሴቶን ዓይነት ትነት ሲያገኘው ሞለኪውሎቹ በወርቆቻቸው ሰንሰለት ሠርተው ያበራሉ። ትነቱ ሲወጣ በጎረቤት ሞለኪውሎች ወርቆች መሐል ያለው ርቀት ከ3 ወደ 8 አንግስትሮም ይዘልና ብርሃኑ ይጠፋል። አየር ውስጥ ያለ ኬሚካል ለመለየት ይህ ቀጥተኛ መንገድ ነው። በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ሃጂሜ ኢቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳዩት ደግሞ ሰማያዊ የሚያበራ የወርቅ ዱቄት ነው። ሲፈጩት ቢጫ ያበራል፤ ዳይክሎሮሜቴን ጠብ ሲደረግበት ወደ ሰማያዊው ይመለሳል። መፍጨት የወርቅ–ወርቅ ግንኙነት ፈጥሮ ቀለም ሲቀይር በዓይን ይታያል።

«ማን አይቶት ያውቃል» ለሚለውም እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሙከራ አለ። የደቡብ ኮሪያና የጃፓን ተመራማሪዎች ጃፓን ውስጥ ባለው ሳክላ በተባለው የኤክስሬይ ሌዘር ያንኑ ዳይሳያኖ ኦሬት ውሃ ውስጥ ተከታተሉት። ከሌዘሩ በፊት ሦስት አዮኖች ጎበጥ ብለው፣ ላላ ብለው ተሰብስበዋል። ሌዘሩ ሲመታቸው ከ500 ፌምቶሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ግማሽ) ባነሰ ጊዜ ቀጥ አሉ፤ በወርቆቹ መሐል ኮቫለንት ትስስር ተፈጠረ። በ1.6 ፒኮሰከንድ ትስስሩ ይበልጥ አጠረ። በ3 ናኖሰከንድ አራተኛ አዮን ተጨመረ። እርግጥ ነው፣ እዚያ የተፈጠረው ጠንካራ ትስስር ብርሃን የቀሰቀሰው ነው፤ ከኦሮፊሊሲቲ ጋር አንድ አላደርገውም። ነገር ግን በፌምቶሰከንድ ውስጥ ሦስት አዮኖች ከየአቅጣጫው ተፈላልገው ሊገናኙ አይችሉም፤ ጊዜው አይበቃቸውም። ሙከራው የተሳካው ሦስቱ አዮኖች ሌዘሩ ሳይመጣ፣ ሁሉም ማይነስ ሆነው ሳለ፣ ውሃው ውስጥ ጎን ለጎን ስለነበሩ ነው።